ትከሻው ድኖ ሕመሙ ያልለቀቀው ሰው

ብዙ መቀመጥ የማይስማማው ሰው ካለ ተነሥቶ በግድግዳው በኩል ይቁም፤ ወዲያ ወዲህም ይበል። የዛሬው ጉዳያችን ይኸው ስለሆነ ማንም አይታዘበውም።

የዚህ መድረክ አዘጋጆች "ስለ ጤና የፈለጉትን ይናገሩልን" ብለው ጋበዙኝ። ስለ ወባ፣ ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ እናቶች ጤና የሚያስተምሩን ባለሙያዎች አሉን፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እኔ የመረጥሁት በየቤቱ ያለውን፣ በመድረክ ግን የማይነሣውን ነው። ትከሻው የወለቀ ወይም የተሰበረ ሰው ይታከማል፣ ይድናል። ከወራት በኋላ ግን አንገቱ አይዞርለትም፤ ጀርባው ሌሊት አያስተኛውም። "ምን ሆንህ?" ሲሉት የሚያሳየው ቁስል የለውም። ይህ ሰው እንዴት ይኑር? እኛስ ከእሱ ጋር እንዴት እንኑር? ርእሴ ይህ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ መምህር ነኝ። በአንድ ክረምት በዚሁ በፎገራ ሜዳችን የዋልካ መንገድ ላይ ከሞተር ሳይክል ወድቄ ቀኝ ትከሻዬ ወለቀ። ትከሻው ወደ ቦታው ተመልሶ ዳነ፤ ሕመሙ ግን ወደ ማጅራቴና ወደ ጀርባዬ ዘልቆ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ጠመኔ ይዤ ከሰሌዳው ላይኛው ክፍል መጻፍ ስለማልችል ተማሪዎቼ ከሰሌዳው ወገብ በታች የተጻፈ ማንበብ ለምደዋል። እንግዲህ የምነግራችሁ ከሐኪሞችና ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ጠይቄ የተረዳሁትንና በራሴ ሰውነት የማውቀውን ነው።

ዋናውን ሐሳብ ከመነሻው ልንገራችሁ፤ ኋላም ደጋግሜ እመለስበታለሁ። በክንድና በጀርባ በሚታደርበት አገር፣ የማይታይ ሕመም የያዘው ሰው ሁለት ክፉ ምርጫ ብቻ ይሰጠዋል፤ ወይ እንደ ጤነኛ ይሸከማል፣ ወይ ተኝቶ ይውላል። ሁለቱም ሕመሙን ያባብሱታል። ሦስተኛ መንገድ አለ፤ በልክ መሥራት። ይህን ደግሞ ሕመምተኛው ብቻውን አይችለውም። ቤተሰቡ፣ የወንፈል ጓደኞቹና አሠሪው ሕመሙን አምነው ቦታ ሲያበጁለት ነው የሚችለው።

መጀመሪያ በሰውነታችን ውስጥ ምን እንደሚሆን እንይ። አንድ ነገር ልለምናችሁ። ትከሻው ጤነኛ የሆነ ሁሉ ቀኝ ትከሻውን ወደ ጆሮው ከፍ ያድርግና እኔ እስክናገር ድረስ እንደዚያው ይያዝ። ይያዝ፣ አያውርድ።

የሰው ክንድ ከደረቱ አጥንት ጋር የሚገናኘው ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ ጫፍ በተዘረጋው በአንድ ቀጭን አጥንት ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ በጡንቻ የተንጠለጠለ ነው። ትከሻ ከሰውነት መጋጠሚያዎች ሁሉ ይበልጥ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከሌሎቹ ይበልጥ ቶሎ የሚወልቀውም በዚሁ ነው። ክንዱን ከሚሸከሙት ጡንቻዎች ትልቁ ከራስ ቅል ሥር ይነሣል፤ በማጅራት ወርዶ ወደ ትከሻ ጫፍ ይዘረጋል፤ ከዚያም እስከ ጀርባ አጋማሽ ድረስ ይወርዳል። ትከሻ ሲጎዳ አንገትና ጀርባ የሚታመሙት ሕመም እየዞረ ስለሚሄድ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ የአንድ ሥራ ባልደረቦች ስለሆኑ ነው።

የተጎዳ ሰው ክንዱን ከጎኑ ያጣብቃል፤ ትከሻውን ወደ ጆሮው ያነሣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ ጥበቃ ነው፤ ደግ ነው። ችግሩ ጉዳቱ ከዳነ በኋላም ትከሻው እንደተነሣ ሲቀር ነው። እስኪ አሁን አውርዱት። ማጅራታችሁ ላይ ምን ተሰማችሁ? ለአፍታ ያህል ይህን ያህል ከከበደ፣ ሲያርስ፣ ሲበላና ሲተኛ ለወራት እንዲህ የኖረ ሰው አንገቱ ምን ይሁን?

ወገብም አያመልጥም። በአንድ እጅ መሥራት የለመደ ሰው ጀሪካኑን ሁልጊዜ በደኅናው በኩል ይይዛል፤ 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው። አካሉ ወደ ሌላው ጎን ያዘነብላል። ከመሬት ዕቃ ሲያነሣ ጀርባውን ጠምዝዞ ነው። ከጊዜ በኋላ ወገቤን አለ ይባላል፤ ነገሩ የተጀመረው ግን ከትከሻው ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚያነሣው ነው። አጥንቱ ከዳነ ሕመሙ ለምን አይለቅም? ሐኪሞች ከ3 ወር በላይ የቆየን ሕመም ከአዲስ ሕመም ለይተው ነው የሚያዩት። አዲስ ሕመም ስለ ጉዳቱ ይናገራል፤ የቆየ ሕመም ግን ጉዳቱ ካለፈ በኋላም የሚቀጥል የነርቭና የአንጎል ሥራ ነው። ይህን ለማስረዳት ከሜዳችን አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ማማ ላይ የወጣ ወፍ ጠባቂ አንድ ቀን ትልቅ መንጋ ወርዶ ሰብሉን ቢያወድምበት፣ ከዚያ በኋላ ጥላ ባየ ቁጥር ወንጭፉን ያነሣል፤ ቅጠል ሲንቀሳቀስም ይጮኻል። ጠባቂው አልዋሸም፤ ጩኸቱም እውነተኛ ጩኸት ነው። ወፍ ግን የለም። ከከባድ ጉዳት በኋላ ነርቮቻችን እንዲህ ይሆናሉ። ትንሽ መንካት፣ ትንሽ መዞር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሐሳብና ጭንቀት ሁሉ ሕመሙን ያስነሡታል።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ ሕመሙ እውነት ነው። ራጅ አጥንትን እንጂ ሕመምን አያነሣም፤ "ራጁ ደኅና ነው" ማለት "አላመመህም" ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች መዝገብ የቆየ ሕመምን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ አስፍሮታል። ሁለተኛ፣ ሲታመም የሚሰማው ሁሉ አዲስ ስብራት አይደለም። ሲንቀሳቀስ ስላመመው ብቻ "ዳግም ተሰበርሁ" ብሎ የሚተኛ ሰው ራሱን በከንቱ ያስራል።

ብቻችንንም አይደለንም። በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሕዝብ የታችኛው ጀርባ ሕመም እንደነበረበት ተገምቷል፤ ሰውን ከሥራ በማስቀረት ከሕመሞች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ልዩነቱ፣ ቢሮ የሚውል ሰው ጀርባውን ታምሞም ደመወዙን ሊያገኝ ይችላል። የእኛ ገበሬ ግን በሐምሌ ካልታረመ በኅዳር አይታጨድም።

እዚህ ላይ ግን ቆም ልበል፤ ሁሉም የጀርባ ሕመም እኔ የምናገረው ዓይነት አይደለም። ሰው "ያው የድሮው ነው" ብሎ ሌላ በሽታ ይዞ እንዳይቀመጥ አንዳንድ ምልክቶችን ልንገራችሁ።

ጀርባው ቀስ በቀስ እየባሰበት፣ ማታ ማታ የሚያተኩሰው፣ ሌሊት የሚያልበው፣ ክብደቱ የሚቀንስ ሰው የአከርካሪ ቲቢ ሊሆንበት ይችላል። ቲቢ ሳንባ ብቻ አይደለም የሚይዘው። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል፤ የዘገየ ግን ጀርባው ሊጎብጥ፣ እግሩም ሊከዳው ይችላል። ሁለተኛው ለእኛ ለፎገራ ላም ባለቤቶች ይበልጥ ይቀርባል። ብሩሴሎሲስ የሚባል፣ ላሞችን የሚያስጨነግፍ በሽታ በጥሬ ወተትና የጨነገፈ ጥጃ በባዶ እጅ በማንሣት ወደ ሰው ይተላለፋል። ሰውን የሚይዘው በሚመላለስ ትኩሳት፣ በላብ፣ በወገብና በመጋጠሚያ ሕመም ነው። ወተት አፍሉ፤ ወገቡን የሚያመው ከብት ጠባቂ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ "ከከብት ጋር ነው የምውለው" ብሎ ይናገር።

እግር ድርቅ ማለት ሲጀምር ደግሞ የጀርባ ሕመም ነው ብላችሁ አትለፉት። ሽማግሌዎቻችን በ1960ዎቹ መጨረሻ በደምቢያና በፎገራ ጓያ ስንቱን ወጣት እግሩን እንዳሰረው ያስታውሳሉ። ጓያ ዛሬም ከሩዝ በኋላ በቀረው እርጥበት ይዘራል። በችግር ጊዜ እሱን ብቻ ለወራት መብላት ዛሬም ያው አደጋ አለው። ከሁሉም በላይ ግን፣ ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ያቃተው፣ በጭኖቹ መካከል የደነዘዘው፣ ወይም እግሩ የዛለበት ሰው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ። ለነገ አይባልም።

አሁን ወደ ሕክምናው። ትከሻው የወለቀ ወይም የተጎተተ ሰው ገና በዚያው ቀን የት ይሂድ? በመጀመሪያ ወጌሻ ነው የሚጠራው። ወጌሾቻችንን አላጣጥልም። ከአባት ወደ ልጅ የወረደ እጅ አላቸው፤ ሐኪም በሌለበት ዘመን ሕዝቡን ያቆሙት እነሱ ናቸው። ግን ሁለት ነገር በግልጽ ልበል። የወለቀ ትከሻ ያለ ራጅ በኃይል ሲጎተት አብሮ የተሰበረው አጥንት ሊለያይ፣ ነርቭና የደም ሥርም ሊቆረጥ ይችላል። ከትከሻው ጫፍ በውጭ በኩል ያለው ቆዳ ከደነዘዘ ነርቭ ተነክቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ይህ ለሆስፒታል ነው። ሌላው፣ የተሰበረ እጅ በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ደም እየተከለከለ እጅ የበሰበሰባቸው፣ እስከ መቆረጥም የደረሱ ሕፃናት በሆስፒታሎቻችን ታይተዋል። ጣት ካበጠ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ እስሩን ወዲያው ፍቱና ወደ ሐኪም ሩጡ።

ሕመሙ የቆየበት ሰው ግን በሞቀ ቅቤ ቀስ ብሎ ቢታሽ አይጎዳውም፤ ለጊዜው ያሳርፈዋል። በኃይል አንገት መጠምዘዝ፣ በጋለ ብረት መተኮስና ባልተቀቀለ ምላጭ ዋግምት ማስወጣት ግን ይቅሩ። የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ በምላጭ ይተላለፋሉ።

ከወጌሻ ቀጥሎ መርፌ አለ። "አንድ መርፌ ውጉኝና ልሂድ" የሚለውን የማያውቅ የጤና ባለሙያ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ዳይክሎፌናክ ለጥቂት ቀን ሕመም ያስታግሳል፤ እኔም በሐኪም ትእዛዝ ወስጄዋለሁ። ለወራት ሲወሰድ ግን ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊትንም ይጨምራል። በተለይ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ቆይተው በባዶ ሆድ ኪኒን የሚውጡ እናቶች አሉ። እባካችሁ የንስሐ አባታችሁንና የጤና ባለሙያውን አማክሩ። ትራማዶልን በጎረቤት ምክር አትጀምሩ፤ ሰውን ሱሰኛ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ለቆየ የታችኛው ጀርባ ሕመም ባወጣው መመሪያ ትራማዶል ከሚመደብበት ወገን የሆኑትን መድኃኒቶችና የወገብ መቀነትን እንደ መደበኛ ሕክምና አልደገፈም። ከደገፋቸው መካከል ሕመምተኛውን ማስተማርና የሰውነት እንቅስቃሴ ይገኙበታል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል፤ መድኃኒት ፈልጎ ምክር የተሰጠው ስለሚመስለው። እንቅስቃሴው ግን ያ የተደናገጠ ጠባቂ ጥላንና ወፍን እንደገና የሚለይበት መንገድ ነው።

ይህን በሥርዓት የሚያስተምሩ ባለሙያዎች አሉን። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ፤ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ከዚህ በመኪና ሩቅ አይደሉም። ደግሞ አንድ ነገር እናስታውስ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአገራችን በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ጥቂት ወረዳዎች አንዷ ፎገራ ነበረች። ሌላው ወረዳ አብዛኛው ከእኛ በኋላ ነው የጀመረው። ስለዚህ ደብተራችሁን ይዛችሁ በጤና ጣቢያ በኩል ሪፈር አጽፉ። ስትሄዱም "አመመኝ" ብቻ አትበሉ፤ መቼ እንደወደቃችሁ፣ ምን መሥራት እንዳቃታችሁ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነሡ ተናገሩ። ፊዚዮቴራፒ እንዲጻፍላችሁም ራሳችሁ ጠይቁ።

አሁን በዋናው ጉዳይ ላይ ደረስሁ። እዚህ ትንሽ እቆያለሁ።

ሐኪሙ "ከባድ ነገር አትሥራ" ይላል። ገበሬው ይስማማና ቤቱ ይገባል። ሰኔ ይመጣል። አራሹ አንድ እጁን እርፍ፣ ሌላውን ጅራፍ አስይዞ ቀኑን ሙሉ በዋልካ ላይ ይጎተታል፤ በሬ ባፈነገጠ ቁጥር ያ ሁሉ ኃይል የሚያርፈው በትከሻ ላይ ነው። ትከሻው የወለቀበት ሰው ይህን እንደ ድሮው አይችለውም። ታዲያ ምን ያደርጋል? መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ የሚያርስለት ሰው ከምርቱ ግማሹን ይወስዳል። እንግዲህ አስቡት። ሰውየው ከአንድ ውድቀት በኋላ ትከሻውን ብቻ አይደለም ያጣው፤ የጎተራውን ግማሽ ነው። ይህን እየፈራ ነው ሌላው ታምሞም እርፉን የማይለቀው። ስንፍና ነው የምንለው፣ ግትርነት ነው የምንለው ሁሉ ከዚህ ፍርሃት ነው የሚወጣው።

ሩዝም ሥራችንን አብዝቶታል። አባቶቻችን ይህን ሜዳ ለግጦሽና ለጓያ ነበር የሚያውቁት። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ ቀበሌዎች የሞከሩት ሩዝ ዛሬ የፎገራ ስም ሆኗል፤ አንደኛው ዝርያ እንኳ ኤክስ ጅግና ተብሎ በቀበሌው ይጠራል። ገንዘብ አምጥቷል፣ የቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። ግን የሩዝ አረም ማለቂያ የለውም፤ ሐምሌና ነሐሴን ጎንበስ ብለው ውኃ ውስጥ የሚውሉት አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች ናቸው። ያቺው ሴት ማታ ውኃ ትቀዳለች፣ እርጎ ትንጣለች፣ ምጣድ ሥር ትጎነበሳለች። የወንዱ ትከሻ ሲታመም መንደሩ ያውቃል፤ እርሻው ይናገራልና። የሴቲቱ ትከሻ ሲታመም ግን ሥራዋ ስለማይቋረጥ ማንም አያውቅም። ይህ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳዝነኛል።

እንግዲህ በልክ መሥራት ማለት ምን ማለት ነው? ጥሩ በተሰማችሁ ቀን የሳምንቱን ሁሉ ለመጨረስ አትነሡ፤ በማግሥቱ ትወድቃላችሁ፣ ከዚያም ሦስት ቀን ትተኛላችሁ። በክፉው ቀንም ፈጽማችሁ አትተኙ። ሕመሙ ሳይበረታ የምትችሉትን ልክ እወቁና ከዚያ ትንሽ ቀደም ብላችሁ አቁሙ፤ አረፍ ብላችሁ ቀና በሉ፣ ትከሻችሁን አዙሩ፣ ከዚያ ተመለሱ። አንድ ትልም አርሶ ማረፍ ከተቻለ ከአንድ ትልም ይጀመር። በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ ይጨመር። ጭማሪው በሕመሙ ስሜት አይለካ፤ አስቀድማችሁ በወሰናችሁት መጠን ይሁን። አረም ላይ ሴቶች እየተቀያየሩ፣ ግማሽ ሰዓት ያጎነበሰች ቆማ ተሸካሚ ትሁን። ሩዝ በመስመር ሲዘራ በእጅ የሚገፋ ማረሚያ መጠቀም ስለሚቻል ቆሞ ማረም ይመጣል። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው እዚሁ ወረታ ነው፤ ለምርት ብቻ ሳይሆን ለጀርባችንም ብለን እንጠይቃቸው። ጀሪካኑን በሁለት 10 ሊትር ከፍላችሁ በሁለት እጅ ያዙ፤ ወይ አህያ ትሸከመው። ሌሊት በደኅናው ጎናችሁ ተኙና የታመመውን ክንድ በተጠቀለለ ጋቢ ላይ አሳርፉት።

የወንፈሉ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ወንፈል ቀን በቀን፣ ክንድ በክንድ የሚመለስ ነው። እኩል መመለስ የማይችል ሰው ወንፈል መጠየቅ ያፍራል። ያፈረ ሰው ብቻውን ይሠራል፤ ብቻውን የሠራ ትከሻውን ዳግም ያወልቃል። ሽማግሌዎቻችን ሆይ፣ እናንተን ነው የምለምነው። ክንዱ የደከመ ሰው በወንፈል ውስጥ የሚመልሰው ሌላ ሥራ የለም ወይ? በሬ መንዳት፣ አውድማ ላይ ማዞር፣ ወፍ መጠበቅ፣ ዘር መምረጥ፣ ምግብና ጠላ ማቅረብ፣ ሒሳብ መያዝ አለ። እነዚህ ሙሉ የወንፈል ቀን ተደርገው ይቆጠሩ። በአንድ መንደር ሽማግሌ አደባባይ ላይ "የእገሌ ወንፈል በዚህ ይመለስለታል" ብሎ ከተናገረ፣ ያ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ማፈሩን ያቆማል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ መንግሥትም አይጠበቅበትም።

የሩዝ መፈልፈያ ባለቤቶችም እዚህ እንዳላችሁ አያለሁ። በወረታ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲመጣ ወጣቶቻችን ኩንታል ተሸክመው ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ለአዋቂ ወንድ ያስቀመጠው ከፍተኛ ሸክም 55 ኪሎ ነው። ልጆቻችን በአንድ ማንሣት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረውን በማጅራታቸው ይቀበላሉ። ማዳበሪያ በ50 ኪሎ ከረጢት ይመጣል፤ ሩዝስ በ50 ኪሎ ቢታሰር ምን ይጎድለዋል? ሁለት ጎማ ያለው የእጅ ጋሪ ቢገዛስ? አንድ መፈልፈያ ከጀመረ ጎረቤቱ ይከተላል። ተሸካሚዎችም ክፍያችሁ በኩንታል ብዛት ስለሆነ ይህን ከባለቤቶቹ ጋር ተነጋግራችሁ ዋጋው በኪሎ እንዲቆጠር አድርጉ፤ ያለዚያ ትንሹ ከረጢት እንጀራችሁን ይቀንሰዋል።

ስለ ቤተሰብ ጥቂት ልበል። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ከፊቴ ገጽታ ብቻ የዕለቱን ሕመም መጠን መገመት ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ "አመመህ?" ማለቷን ትታ "ዛሬ የቱን ሥራ ልውሰድልህ፣ የቱን ትሠራለህ?" ትለኛለች። ይህ ጥያቄ ብዙ አድኖኛል። ሰውን "ዝም ብለህ ተኛ" ማለት ፍቅር ይመስላል፤ ግን ከቤቱ ጉዳይ ያወጣዋል። "አስመሳይ" ማለትም ከሰው ተራ ያወጣዋል። ልጆች ደግሞ ይሰማሉ፤ አባታቸውን እናታቸው እንዴት እንደምትናገረው እነሱም እንደዚያው ይናገሩታል።

ጸበል የምትሄዱ ሂዱ፤ መድኃኒታችሁንና እንቅስቃሴያችሁን ግን አታቋርጡ። ረጅም ቅዳሴ ላይ መቋሚያውን ተደገፉበት፤ ለዚያ ነው የተሠራው። ስግደት ያቃተው ሰው ለንስሐ አባቱ ይናገር፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስጨንቅም። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ቆሞ መስገድ ያቃተው ተቀምጦ እንዲሰግድ ሃይማኖታቸው እንደፈቀደ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቤቱ ገብተው ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ወሊድ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ውጤቱን ሁላችንም አይተናል። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ቢጨምሩልን እወዳለሁ፤ "በዚህ ቤት ከ3 ወር በላይ አንገቱን፣ ትከሻውን ወይም ጀርባውን የሚያመው ሰው አለ?" በተለይ ሴቲቱን ለብቻዋ ይጠይቋት።

ንግግሬን እዚህ አቆማለሁ፤ ሰውነታችን ግን ገና ሥራ አለው። በቅርቡ የወደቀ ወይም እጁ የታሰረ ሰው ተቀምጦ ይመልከት፤ ሌሎቻችን ወንበሩን ገፋ አድርገን እንነሣ። ትከሻችሁን ከጆሮአችሁ አርቁ፣ ወደ ታች ልቀቁት። ሁለቱን ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንቶች ወደ ኋላ ቀስ ብላችሁ አቀራርቡ፤ አምስት ጊዜ እስክትተነፍሱ ድረስ ያዙና ልቀቁ። አሁን አንገታችሁን ወደ ቀኝ አዙሩ፤ ማመም ሲጀምር ቁሙ፣ አትጋፉት። ወደ ግራም እንዲሁ። ጠዋትና ማታ ይህን አድርጉ። ቆመን ሳለን ጥያቄ እንቀበል፤ ዕድሉን መጀመሪያ ለሴቶች እሰጣለሁ።